በደጅሽ የተቆፈረው ጉድጓድ

ይድረስ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለዘጋሽብኝ፣ እኔ ግን ልቀየምሽ ለማልችለው ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? ያ የላክሁልሽ ቅባት ጠቀመሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት ሁሉ አካፍለሽ ለአንቺ ሳይተርፍ አለቀ? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆን ማለት በሁለት እግር መቆም ከሆነ ማለቴ ነው፤ ቆሜአለሁ። ትዕግሥቴ ግን ካለቀ ሰንብቷል፤ አሁን ያለሁት በእልህ ነው።

ትናንት ጠዋት ደውለሽ የጮህሽው ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የውሃ ክፍል ሰዎች ደጄን ቆፍረው ጥለውት ሄዱ፤ ደንበኛ በሳንቃ ተሻግሮ ነው የሚገባው፤ አንቺ የተማርሽው ለእንዲህ ያለ ቀን ካልሆንሽኝ ለመቼ ልትሆኚኝ ነው፤ ሂጂና አናግሪያቸው ብለሽ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ዘጋሽው። ሦስት ጊዜ መልሼ ደወልኩ። አላነሳሽም። ደግ አደረግሽ፤ ብታነሺ ኖሮ እዋሽሽ ነበር። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። ወረቀት ላይ ልትዘጊብኝ አትችዪም። ብትቀጂው እንኳ አንብበሽ ሳትጨርሺ እንደማትቀጂው አውቅሻለሁ።

ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ።

ቆይ፣ አትነሺ። ተቀመጪና እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ ትረግሚኛለሽ፣ ቀን ሙሉ አለሽ።

ይሄ ዓለም አቀፍ የክረምት ትምህርት ቤት የሚሉት ነገር እኛ ግቢ ሊዘጋጅ ነው ብዬ የነገርኩሽ ቀን ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? ታርፊያለሽ፣ ከውጭ ሰው ጋር ሻይ ትጠጫለሽ አልሽኝ። እግዜር ይይልሽ! ከአምስት አገር አርባ ተማሪና አሥራ አራት መምህር ተሰብስቦ፣ ውሃና አካባቢን እንዴት እንደምንጠብቅ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እንማራለን። ተማሪዎቹስ ይማራሉ፤ እኛ መምህራኑ ግን ፈጣሪ ይጠብቀን።

በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቦርሳ ታደለን። ውስጡ ወረቀት እንድንቆጥብ የሚመክር፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ ስልሳ አራት ገጽ መጽሐፍ አለ። በፕላስቲክ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ውሃም አለ። እስከ እኩለ ቀን የግቢያችን የቆሻሻ በርሜል ሞልቶ አፉን ከፈተ። እኔም አላስችል ብሎኝ ለአስተባባሪዋ ነገርኳት። በጣም ደስ አላት! ያልኳትን በቢጫ ወረቀት ጽፋ፣ ጥሩ ጥሩ ሐሳቦች የሚለጠፉበት ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። በማግስቱ ያው ውሃ፣ በዚያው ፕላስቲክ መጣ። ቢጫው ወረቀትም እዚያው ግድግዳው ላይ አለ።

አስተባባሪዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሥራዋን የምትወድ፣ ፀሐይ ያቃጠላት ቀጭን ሴት ናት። ግን አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላለች። ለምሳ ትነፋለች፣ ለስብሰባ ትነፋለች፣ ከስብሰባ እንድንወጣም ትነፋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩ ሴትዮ በፊሽካ እነዳለሁ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ እያንዳንዱ መምህር ዛፍ መርጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አቅፎ፣ ዛፉ የሚለውን ለአሥር ደቂቃ ያዳምጥ ተባለ። የእኔ ዛፍ ጉንዳን ነበረበት። ሲያልቅ ክብ ሠርተን ዛፉ ምን አለሽ ተባልኩ። ሂጂልኝ አለኝ አልኳቸው። አጨበጨቡ፣ እትዬ! አንዱ መምህር ማስታወሻው ላይ ሲጽፈው አይቼዋለሁ።

የእኛው ጂኦግራፊ መምህርማ አይነሳ። ታውቂዋለሽ፣ ያ ሳይጠየቅ የሚመልሰው ሰው። ውሃ ምን እንደሆነ ከውሃ በላይ የሚያውቅ ይመስለዋል። ሁለት የውጭ መምህራን በመስኮት ዳር አልጋ ተጣልተው ከተኮራረፉ ሳምንታቸው ነው። ሰላም ስለ ተፈጥሮ የሚለውን ክፍል አብረው የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው። ቆሽቴ እርር እያለ ነው የሰነበትኩት።

ልጅሽን ግን ብታያት! ቤት ውስጥ ሳህን አንሺ ሲሏት ጣሪያ የምታየዋ ልጅ፣ ሁለት ቁጥር የሚሰፋት ቦት ጫማ አድርጋ ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ ትውላለች። ለእኩዮቿ ታስተረጉማለች፣ መረቡን ይዛ የውሃ ነፍሳት ትለቅማለች፣ አንድ በአንድ ቆጥራ ትመዘግባለች። በሰው ፊት መምህር ትለኛለች፤ ብቻችንን ስንሆን ብቻ ነው አክስቴ የምትለኝ። ቡድን ሲደለደል ራሷ እጇን አውጥታ ከእኔ ጋር እንድትሆን ጠየቀች። እኔም አክስቷን ወዳ ነው ብዬ ኮራሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ተማሪ ከመደልደሉ በፊት ለየቡድኑ ከወንዙ አንድ አንድ ክፍል ተሰጥቶ ነበር። ለእኔ ቡድን የደረሰው የላይኛው፣ ወደ ከተማው የሚወጣው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ተማሪ አስከትዬ ሽቅብ ወጣሁ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ በየመቶ እርምጃው ቆመን የውሃ ነፍሳት እንቆጥራለን፣ ከውሃው በጠርሙስ እንቀዳለን፣ የጠርሙሱን አፍ በፕላስተር እናሽጋለን፤ ከዚያ አንድ ተማሪና መምህሩ ፕላስተሩ ላይ ይፈርማሉ። ማንም እንዳይነካው። አንደኛውና ሁለተኛው ጠርሙስ ጋ ነፍሳቱ በሽ ነበሩ፤ ዘጠኝ ዓይነት ቆጠርን። ትንሽ እንደወጣን ግን ተማሪዎቹ መረባቸውን ደጋግመው ቢያነሱ ባዶ። አንድም የለም። ከበላይ ሄደው አዩ፤ እዚያ አለ። ከዚህ ጀምሮ ወደ ታች ግን ለአንድ መቶ እርምጃ ያህል ሕይወት ያለው ነገር የለም።

አካባቢውን ቀና ብዬ አየሁ። ከሸምበቆው ውስጥ የወጣ የሲሚንቶ ቱቦ ይንጠባጠባል። ከበላዩ ገደሉ፣ ከገደሉ በላይ የአምስት ቤት ጓሮ። ዳቦ ቤቱ አለ፣ አናጢው አለ፣ የአንቺም የጨርቅ ማቅለሚያ አለ። ቅዳሜ የቀለም በርሜል ስለማትደፊ ውሃው ቀለም የለውም፤ ላላወቀ ሰው ንጹሕ ይመስላል። ተማሪዎቹ የማን እንደሆነ ሊያውቁ አይችሉም። እኔ ግን ያ ቱቦ ሲቀበር እዚያው ቆሜ ነበር።

ልጅሽ ግን ጎንበስ ብላ ሦስተኛውን ጠርሙስ ከቱቦው ሥር ሞላች፣ አሸገች፣ ፈረመች፣ መምህር ይፈርሙ ብላ ዘረጋችልኝ። ከጓሮ በኩል ስለሆነ ቤቷን አላወቀችውም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የገዛ ቤቷን! ሰው ፈርቶ ሲያስብ እንዲህ ነው የሚያስበው።

ፈረምኩ። ጠርሙሶቹን ላቦራቶሪ አስቀመጥን፤ ምርመራው ለሰኞ ተቀጠረ። ያን ሁሉ ሰዓት የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቀለሙን የሚያስይዘው መድኃኒትሽ በምርመራው ይወጣል፣ ውጤቱ በመዝጊያው ዓርብ ከማዘጋጃ ቤት ለሚመጡት እንግዶች ይነበባል፣ ማቅለሚያሽ ይታሸጋል። እኔን አስተምረሽ ስትጨርሺ የከፈትሽው፣ እጅሽ እስኪላላጥ የሠራሽበት ቤት፣ በእኔው ቡድን፣ በእኔው ፊርማ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ወንዝ ንጽሕና ስንቱን ትውልድ ነዘነዝኩት!

እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሽ ገብቶ የመዝጊያውን መዝሙር ሲለማመድ፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ላቦራቶሪ ገብቼ ሦስተኛውን ጠርሙስ አነሳሁ። ፕላስተሩን በምላጭ ላጥኩት፣ ውሃውን መታጠቢያው ላይ ደፋሁት። የመታጠቢያው ፍሳሽ የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ? እዚያው ወንዝ። ከዚያ ጠርሙሱን ከቧንቧው ሞላሁ፣ አዲስ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ስሜን ፈረምኩ። የልጅሽንም ፈረምኩላት። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ስለሆንኩ የእጅ ጽሕፈቷ የእኔኑ ይመስላል። ከዚያ አዳራሽ ተመልሼ ከሌሎቹ ጋር ዘመርኩ። ስለ ንጹሕ ውሃ ነበር መዝሙሩ።

ሰኞ ጠዋት ምርመራው ተጀመረ። እያንዳንዱ ጠርሙስ በሁሉም ፊት ተከፈተ። ሦስተኛው ሲከፈት ጥርት ያለ ውሃ። እፎይ ልል ስል፣ ከውጭ የመጣ አንድ ቀይ ሹራብ የማያወልቅ ተማሪ የክሎሪን መለኪያውን ጠብታ ጠብ አደረገበት። ውሃው ሮዝ ሆነ፣ እትዬ! እንደ ሠርግ መጋረጃ ሮዝ! ልጁ እጁን አውጥቶ፣ ወንዛችሁ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየዓመቱ በነጭ ጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ከፈተና ጥያቄም አንዱ እሱ ነው። ሌላም ልንገርሽ፤ ውሃውን ክዳን በሌለው ዕቃ አንድ ቀን ባሳድረው ኖሮ ክሎሪኑ ይተን ነበር፤ ይህንንም አስተምራለሁ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሌባ እንኳ መሆን አላወቅሁበትም።

ወዲያው ጂኦግራፊ መምህሩ ተነሳ። ማን ጠየቀው? ነገሩ ግልጽ ነው አለ። ከወንዙ በላይ፣ በመንገዱ ሥር የሚያልፈው ዋናው የከተማው የውሃ መስመር ፈንድቷል፤ ክሎሪን ያለበት ውሃ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ነፍሳቱን የገደላቸውም ክሎሪኑ ነው ብሎ ካርታውን ዘረጋ። ሁሉም ነገር ገጠመለት። እኔ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቆሜ፣ ለእኔ ውሸት እሱ ሳይንስ ሲሠራለት ሰማሁ። አስተባባሪዋ ከደስታዋ ብዛት ፊሽካዋን ነፋች፤ ተማሪዎቻችን ችግር ፈልገው አገኙ ብላ እዚያው ለማዘጋጃ ቤቱ ደወለች።

እኛ ሰፈር ቧንቧ ፈንድቶ ሦስት ወር በጀልባ ልንሄድ ምንም አልቀረንም ነበር፤ በየሳምንቱ ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ደውላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ዶማ፣ አካፋ፣ መኪና፣ ሰባት ሰው! ደሜ ፈላ። ካርታው ላይ የተከበበው ቦታ የት እንደሆነ ካየሁ በኋላ ግን የፈላው ደሜ ቀዘቀዘ። የእናንተ ደጅ ነበር።

የቆፈሩት ከበርሽ በስተግራ ነው። ደረቅ አፈር አገኙ። ዓርብ ጠዋት ተመልሰው በስተቀኝ እንቆፍራለን ብለው ሄዱ። በስተቀኝ ምን እንዳለ ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ጠርሙሱን ባልነካው ኖሮ ወረቀት ላይ የሰፈረ አንድ ቁጥር ይሆን ነበር፤ ከአምስቱ ቤት የማን ነው እየተባለ ዓመት ይፈጅ ነበር። እኔ ላድንሽ ብዬ ሰባት ሰው ከነዶማው ቱቦሽ ላይ አመጣሁብሽ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች።

ትናንት አንቺ ስልኩን ከዘጋሽብኝ በኋላ፣ ከሰዓት ልጅሽ ላቦራቶሪ መጣችብኝ። በሩን ዘጋች። ከሦስተኛው ጠርሙስ የተላጠውን ፕላስተር በመዳፏ ይዛለች። ይሄ የእኔ ፊርማ አይደለም አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ብዬ ላኮርፍ ሞከርኩ፤ ታላቅነቴን ልጫንባት። ፕላስተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከዚያ እሷ የስሟን የመጨረሻ ፊደል ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሌላ ዓይነት እንደምትጽፈው ነገረችኝ። እኔ የፈረምኩት ልጅ ሳለች እንዳስተማርኳት አድርጌ ነው። አደገች፤ አላየሁም።

ቱቦው የማን እንደሆነ ቅዳሜ ዕለት ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። ከቤት ስወጣም አውቅ ነበር አለችኝ። ትንሽ ልጅ ሳለች ጀምሮ በበርሜሉ ቀን ወደ ጓሮ ወርዳ ውሃው ሰማያዊ ሲሆን ታይ ነበር። እዚህ መጥታ ቆሻሻ ውሃ ነፍሳትን እንደሚገድል ስትማር ነገሩ ገባት። ለምን ታዲያ የእኔን ቡድን መረጥሽ ብዬ ጠየቅኳት። የመለሰችልኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ እማዬን በአደባባይ መክሰስ አቃተኝ፣ አንቺ እውነቱን አይተሽ ዝም ስለማትዪ አንቺ ትነግሪያታለሽ ብዬ ነው አለችኝ። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ ያውም በአፍንጫዬ ጭምር።

እትዬ፣ አሁን የምጽፍልሽ ነገር ለአሥራ አንድ ዓመት ያልነገርኩሽ ነው። ማቅለሚያውን ስትከፍቺ ግንበኛው ሁለት ነገር አማርጦሽ ነበር፤ ማጣሪያ ጉድጓድ ቆፍሮ ፍሳሹን እዚያ ማስቀረት፣ ወይም ቱቦ ቀብሮ ወደ ወንዝ መልቀቅ። አንቺ ጉድጓዱን ነበር የፈለግሽው። ውሃ ለሰው ነው፣ ነውር አይሆንም ወይ ብለሽ እኔን ጠየቅሽኝ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ አልሽኝ። እኔ ደግሞ የፈተና ወረቀት ተሸክሜ ልሄድ ቸኩዬ ነበር። ወራጅ ውሃ ራሱን ያጠራል አልኩሽ። አልቆምኩም እንኳ፤ እየሄድኩ ነው ያልኩሽ። እሺ አንቺ ካልሽ ብለሽ ቱቦውን አስቀበርሽ። ያን ቀን ትክክሉን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። መልሱ ረጅም ስለነበረ ነው አጭሩን የሰጠሁሽ።

ስለዚህ ከቶ የአንቺ ጥፋት ነው ብዬ አልጻፍኩልሽም። በጣም ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህን አፍ ለአፍ ልነግርሽ አልደፈርኩም።

ዛሬ ጠዋት አስተባባሪዋ ፊሽካዋን ሳትነፋ ቀድሜ አዳራሽ ገብቼ ቆምኩ። ሦስተኛው ጠርሙስ ውስጥ የነበረው የቧንቧ ውሃ ነው፤ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ የተማሪዬንም ፊርማ አስመስዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኩ። ፈንድቶ የሚፈስ መስመር የለም፤ ያለው ከአምስቱ ቤት ከአንዱ የሚወጣ ፍሳሽ ነው፤ ወደ ወንዝ ይለቀቅ ብዬ የመከርኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ለአምስት አገር ሰው በየቋንቋው እስኪተረጎም ድረስ እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ። አንዴ ማፈር እንዴት ቀላል ነገር ነበር፤ እኔ አምስት ጊዜ አፈርኩ። አንዱ አገር ሲገባው ሌላው ገና ፈገግ እንዳለ ነበር።

የማን ቤት ነው ብለው ጠየቁኝ። ባለቤቱ ራሱ ይነግራችኋል እንጂ እኔ አልነግራችሁም አልኩ። ልጅሽ ከኋላ ወንበር ልትነሳ ስትል አየኋትና በዓይኔ ቁጭ አደረግኋት። እሷ ምንም አልተናገረችም፤ ይህን እወቂልኝ። ጂኦግራፊ መምህሩ ግን ተቀይሞኛል። ከዋሸሁት ይልቅ ንድፈ ሐሳቡን ማፍረሴ ነው የቆጨው። አስተባባሪዋ መጥታ እጄን ያዘችኝና ብዙ ቆየች፤ ፊሽካዋን አውልቃ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶኝ ሻይ አዘዘልኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሻይ ሲያዝልኝ የመጀመሪያው ነው። ምን እንደተባባልን ስንገናኝ እነግርሻለሁ።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። የውሃ ክፍሉን መሐንዲስ ከቢሮው በር ላይ ይዤ ጠየቅኩት። ደንቡ እንዲህ ነው አለኝ፤ ራሱ መጥቶ ፍሳሼ ወደ ወንዝ ይገባል ብሎ ላስመዘገበ ሰው የስድስት ወር ጊዜ ይሰጠዋል፣ በዚያ ጊዜ ማጣሪያ ጉድጓድ ይሠራል፣ ሥራው አይቆምም። ተቆፍሮ የተገኘበት ግን በሩ ይታሸጋል። ቁፋሮው አልቀረም፤ አሁን ቱቦውን ፍለጋ ዓርብ ጠዋት ስለሚቆፍሩ፣ ነገ ሐሙስ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሄዶ ላመለከተ ሰው መዝገቡ ክፍት ነው። ከሰዓቱ ካለፈ እሱም ሊረዳሽ አይችልም። የማዘጋጃ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ያለው ክፍል ነው። ቱቦው በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቀበረ ይጠይቁሻል፤ በሳምንት ስንት በርሜል እንደምትደፊም ይጠይቁሻል። አትቀንሺ፣ አትጨምሪ። በእኔ ምክር እንዳደረግሽውም ንገሪያቸው፤ እኔ ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ። አንቺ ግን እስኪጠራ ልታሳድሪው ሌሊት የለሽም፤ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለሽ። እባክሽ፣ ኩራትሽን ለሌላ ጊዜ አቆይው። በእኔ ላይ ተቆጪ፣ ዓመት ሙሉ ተቆጪ፣ ግን ነገ ሂጂ።

ይህን ደብዳቤ የሰጠችሽ ልጅሽ በር ላይ ቆማለች። ግቢ እስክትያት አትገባም። የራሷን እናት አሳልፋ የሰጠች እየመሰላት ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ እናቴ አታናግረኝም ብላ መንገዱን ሙሉ ስትጨነቅ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ደብዳቤውን እኔ ላድርስ ብላት እንኳ እኔ ነኝ የምሰጣት ብላ እምቢ አለችኝ። ቅዳሜ ዕለት ያን ጠርሙስ ከገዛ ቤቷ ቱቦ ሞልታ ፈረመችበት፤ ይህን ልጅ ማን እንዳሳደጋት አስቢ። ምንም አትጠይቂያት። ግቢ በያት፣ ዳቦና ሻይ ስጫት፣ ጫማዋን አስወልቂያት፤ እግሯ በዚያ ቦት ጫማ ቆስሏል።

ከደብዳቤው ጋር በያዘችው ፌስታል ውስጥ ነጩ የማስተማሪያ ጋዋኔ አለ። አዎ፣ ፌስታል ነው፤ አትሳቂብኝ፣ ሌላ አጣሁ። ጋዋኑን ለበርሜሉ ሥራ ልበሽው፤ ጨርቁ ጠንካራ ነው፣ ቀለም ቢነካውም አታስቢ። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋትም ከሰዓትም እመጣለሁ። ሁለት አካፋ ካለሽ አንዱን ለእኔ አስቀምጪልኝ፤ ጉድጓዱን አብረን እንጀምረዋለን።

ወገብሽን ይጠግንልሽ፣ ሳልሽን ይውሰድልሽ። ደጅሽ እንደ ተቆፈረ አይቅር፣ የሚገባበትም ሰው አይጉደልብሽ። ልጅሽንም እንደ ልብሽ ያሳድግልሽ፤ ከሁለታችንም የተሻለች ናት።

ቸኩላ መክራሽ፣ ቀስ ብላ የተጸጸተችው
ታናሽ እህትሽ